ዋይፋይ ሲያነክስ ማን ይጠየቅ?

በዛሬው ዘመን በደኅና ቤተ ሰብ መካከል ጭቅጭቅ ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ፥ ዋይፋይ የተባለው ገመድ አልባ መረብ በድንገት መዘግየቱና መቋረጡ ነው። አባት በባዕድ አገር ካለው ልጁ ጋራ በምስል ሲነጋገር ድምፁ ይቈራረጥበታል፤ የልጁም ፊት እንደ ሥዕል ደርቆ ይቀራል። ወዲያው አባት በጨዋታ የተጠመደውን ታናሽ ልጅ ይቈጣል፤ ታናሹ እኅቱን ያመለክታል፤ እኅቲቱ ጎረቤት የይለፍ ቃላችንን ሰርቆ ነው ትላለች፤ እናት ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ አገልግሎቱን በሚሰጠው ድርጅት ላይ ትጥላለች። ከሳሹ ብዙ፥ ተከሳሹም ብዙ፤ ምስክር ግን አንድ ስንኳ የለም።

እኛ በችሎት ጸሐፊነት የኖርን ስለ ሆነ፥ ማስረጃ የሌለው ክስ በቤትም በአደባባይም ምን እንደሚያደርስ አይተናል። ቀድሞ በአገራችን ከብት ሲጠፋ ወይም ጎጆ ሲቃጠል የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር፤ አውጫጪኝም ይሉታል። በዚያ ጉባኤ የሚመረመረው ማን ምን አየ፥ ምን ሰማ፥ በየትኛው ሰዓት የሚለው ነበር። እነሆ ዛሬ በዚህ ዓምድ ለቤታችን ዋይፋይ እንዲህ ያለ አውጫጪኝ እንዴት እንደሚቀመጡለት ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንገልጻለን። ነገሩም ቀላል አይደለም። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ የሚከፈልበት ሆኗል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ ስለዚህ መስመሩ በቤት ውስጥ ሲያነክስ የሚጐዳው ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ ሁለት መንገዶች መኖራቸውን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ ከእጅ ስልካችን ተነሥቶ ራውተር እስከሚባለው ሣጥን ድረስ ያለው ነው፤ ይህ ከምድጃ እስከ አጥር በር እንደሚደርሰው የግቢ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ሣጥን ተነሥቶ እስከ ሰፊው ዓለም የሚዘልቀው ነው። ሰው ሁሉ ሁለቱን አደባልቆ ኔትወርክ ይላቸዋል፤ የስሕተቱም ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። በስልኩ ራስጌ የምትታየው የማራገቢያ ቅርጽ ያላት ምልክት የምትመሰክረው ለአንደኛው መንገድ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈይቷል። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር በነበረው ቤት በዚያ ጊዜ ምልክቲቱ ሙሉ ሆና ትታይ ነበር፤ የግቢው መንገድ ደኅና፥ የውጭው ግን ዝግ ነበረና።

አባቶቻችን ያለ ሽቦ የሚሄደውን ወሬ የነፋስ ስልክ ብለውታል፤ በአዲስ አበባ ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ስሙ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ አይደለም። እንደ ብርሃን ያለ፥ ለዓይን ግን የማይታይ ሞገድ ነው። የቤት ዋይፋይ የሚጠቀምባቸው ሞገዶች በተለይ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ፥ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላሉ። የፊተኛው ግድግዳን በመጠኑ ያልፋል፥ ነገር ግን ተጠቃሚው ስለ በዛ የተጣበበ ነው። የኋለኛው ፈጣንና ሰፊ ነው፥ ነገር ግን ከአንድ ወፍራም ግድግዳ በኋላ ይደክማል።

አሁን ምስክሩን እንጥራ። ፒንግ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በኮምፒዩተር ሁሉ ይገኛል፥ ለእጅ ስልክም በነጻ የሚወርድ መሣሪያ አለው። ሥራው ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ መቍጠር ነው። ቍጥሩ የሚነገረው በሚሊ ሴኮንድ ነው፤ ይኸውም የአንድ ሴኮንድ አንድ ሺኛ ክፍል ማለት ነው። ብልኀቱም ሁለት መልእክተኞችን ባንድ ጊዜ መላክ ነው፤ አንዱን ወደ ራውተሩ፥ ሌላውን ወደ ውጭ። የራውተሩ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ወይም በሆዱ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፥ 192.168.1.1 ወይም ይህን የሚመስል ነው። ለውጩ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት 8.8.8.8 የተባለው የጉግል አድራሻ ነው።

ወደ ራውተሩ የሄደው መልእክተኛ ባለ ጤና ቤት በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይመለሳል፤ የእጅ ስልክ ባትሪውን ለመቈጠብ ሲያንቀላፋ አንዳንዴ ጥቂት ዐሥሮች ይጨምርበታል፥ ይህ አያስደነግጥም። ወደ ውጭ የሄደው በርቀቱ ምክንያት ይበልጥ ይዘገያል። ቍጥሩ ትልቅ በመሆኑ ብቻ አንፍረድ፤ ይልቁንም መዋዠቁን እንመልከት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው የአንድ ጕዞ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሴኮንድ እንዳይበልጥ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሁለት ሰዎች ባንድነት መናገርና ባንድነት ዝም ማለት ይጀምራሉ። እንግዲህ የራውተሩ መልስ ተረጋግቶ የውጭው ብቻ ቢዋዥቅ፥ ጥፋቱ ከሣጥኑ ወዲያ ነው። የራውተሩም መልስ ወደ ብዙ መቶ ቢዘል፥ ወይም ጠፍቶ ቢቀር፥ ጥፋቱ በግቢ ውስጥ ነው፤ ለድርጅቱ ስልክ መደወል በዚህ ጊዜ ከንቱ ነው።

ይህን ምስክርነት በደብተር መያዝ ይገባል፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የሁለቱም መልእክተኞች መልስ፥ በዚያችም ደቂቃ በቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደ ነበር። ብዙ ሰው መቋረጥ ሲያጋጥመው ወዲያው ሣጥኑን ነቅሎ ይሰካዋል። መስመሩ ይመለሳል፥ ሰውም ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ይህ ተከሳሹን ሳይጠይቁ በነጻ እንደ መልቀቅ ነው፤ በማግስቱ ተመልሶ ያንኑ ያደርጋል። ከመንቀል በፊት የሣጥኑ መብራቶች የትኞቹ እንደ በሩ የትኞቹ እንደ ጠፉ መመልከት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በመርጡለ ማርያም የምናውቀው አንድ ቤት አለ። ከተማዪቱ ከቢቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብላ፥ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በደጋው የተቀመጠች ናት። የቤቱ ጌታ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከእርሳቸው ጋራ ባለቤታቸውና ለፈተና የሚዘጋጅ የልጅ ልጃቸው ይኖራሉ። ልጃቸው በውጭ አገር ሲሆን በሳምንት ሁለት ጊዜ፥ ረቡዕና ቅዳሜ ጧት፥ በምስል ይጠይቃቸዋል። መስመሩ የሚቋረጠው በእነዚህ ሁለት ጧቶች ነበር። ሽማግሌው ልጁ በዚያች ሰዓት ሆን ብሎ ጨዋታ እያወረደ ነው ብለው ስለ ጠረጠሩ ስልኩን ቀምተው በሣጥን ቈለፉበት። ልጁ ማለ፥ ተገዘተ፤ የሚያምነው ግን አልተገኘም። ስልኩ ተቈልፎም መቋረጡ አልቀረም፤ ሽማግሌው ግን በዚህ ጊዜ ከጎረቤት ስልክ ተውሷል አሉ። ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ከገባ ወዲያ ማስተባበያው ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

በመጨረሻ ደብተር ተያዘ። ሁለት ረቡዕና ሁለት ቅዳሜ ተጻፈ። ሁልጊዜም መቋረጡ ከጧቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነበር፤ ሁለቱም መልእክተኞች ባንድ ቅጽበት ይጠፉ ነበር፤ የሣጥኑም መብራቶች ሁሉ ድርግም ብለው እንደ አዲስ ይበሩ ነበር። እንግዲህ ሣጥኑ ራሱ እየሞተ ይነሣ ነበር ማለት ነው፤ ተነሥቶም መስመሩን እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህን የሚያደርግ ጨዋታ የለም። በዚያች ሰዓት በቤት ምን ይሠራ እንደ ነበር በሚለው ዓምድ ሥር አራት ጊዜ አንድ ነገር ተጽፎ ተገኘ፤ እንጀራ ይጋገር ነበር።

ምክንያቱን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብርቱ በላተኛ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ሽቦው ቀጭንና ረጅም በሆነበት ቤት ምጣዱ ሲበራ የኤሌክትሪኩ ግፊት፥ ቮልቴጅ የሚሉት፥ በሌላው ሶኬት ላይ ይወርዳል። አምፖሉ ፈዘዝ ይላል፥ ሰው ግን ለምዶታል። ራውተሩን የሚመግበው ትንሹ አዳፕተር አዲስ ሳለ ይህን ይችላል፤ በሙቀትና በዕድሜ ከደከመ በኋላ ግን ግፊቱ ዝቅ ሲል የሚሰጠው ኃይል ይጐድልበታል፥ ሣጥኑም ይጠፋል። በዚያ ቤት አዳፕተሩ ተለወጠ፤ መብራት ሲጠፋም ለጥቂት ሰዓት የሚያቈይ ትንሽ ባትሪ በመካከሉ ተደረገ። አዳፕተር ሲለወጥ ግን ቮልቱ በራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋራ አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፥ የመሰኪያውም ጫፍ አወንታዊና አሉታዊ አቀማመጥ ይመሳሰል። ከሁሉ በላይ ምጣዱና ሌላው ዕቃ በአንድ ቀጭን ሽቦ እንዳይሠሩ ባለሙያ ተጠርቶ ለምጣዱ የብቻው መስመር ተዘረጋ። የዋይፋዩ መቋረጥ እዚህ ላይ ቤቱን ጠቅሞታል፤ የሚግል ሽቦ መጨረሻው እሳት ነውና። ሽማግሌውም ሣጥኑን ከፍተው ስልኩን ለልጁ መለሱለት፤ ምን ብለው እንደ መለሱለት አልነገሩንም፥ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሣጥኑ ሳይጠፋ አንደኛው መንገድ ብቻ ሲያነክስ ደግሞ ምክንያቱን በግድግዳና በቆርቆሮ መፈለግ ነው። በአገራችን ራውተር ውድ ዕቃ ነው ተብሎ በብፌ ውስጥ፥ ከቴሌቪዥን በስተኋላ፥ አልፎ ተርፎም ከብረት ሣጥን አጠገብ ይቀመጣል። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ውኃም ይጠጣዋል። ስለዚህ በውኃ የተሞላ በርሜል ወይም ሮቶ በመካከል ቢቆም ለ2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ እንደ ግንብ ነው፤ የጭቃ ግድግዳም በክረምት ሲርስ ከበጋው የበለጠ ይከለክላል። ማድ ቤቱ ለብቻው በቆርቆሮ ተሠርቶ እንደ ሆነ በውስጡ ዋይፋይ አለመግባቱ አያስገርምም። የድንጋዩንማ ነገር ማን ይጠይቃል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ሕንፃ ፍርስራሽ ግድግዳውን ያየ ሰው፥ ሞገድ በዚያ ሊያልፍ እንደማይችል ሳይነግሩት ይረዳል። የሣጥኑ ትክክለኛ ቦታ በቤቱ መካከል፥ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፥ በፊቱ ምንም ሳይጋረድ ነው። የሞገዱ ብርታት በስልክ መሣሪያ ሲለካ ከዜሮ በታች በሆነ ቍጥር ይነገራል፤ ከዜሮ በታች 67 ዴሲቤል ለምስል ንግግር ይበቃል፥ ከዜሮ በታች 80 ሲሆን ግን መቈራረጥ ይጀምራል።

ሌላው ምክንያት ጎረቤት ነው፤ ይኸውም ስለ ሰረቀ ሳይሆን ስለ ጮኸ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዙ ሜዳ ቻናል በሚባሉ ቍጥሮች ተከፋፍሏል፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ሰፊ ስለ ሆነ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቆሙት 1፥ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። አንዳንድ ሰው ባዶ ቦታ ያገኘ መስሎት 3ን ወይም 8ን ይመርጣል። በአንድ ቅኔ ማሕሌት ሁለት መሪጌቶች ሁለት የተለያየ ዜማ ቢጀምሩ የሚሆነውን ማሰብ ነው። በአንድ ቻናል ያሉ ሁለት ሣጥኖች ተራ ይጠባበቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡ ግን አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ ድምፁን ያበላሽበታል። ከሦስቱ ያነሰ ጩኸት ያለበትን መምረጥ፥ ለሚቀርቡት ስልኮች ደግሞ 5 ጊጋኸርዙን መክፈት ይጠቅማል። በራዳር አቅራቢያ ያሉ ቤቶች ከ52 እስከ 144 ያሉትን ቻናሎች ቢተዉ ይሻላል፤ ሣጥኑ የራዳር ድምፅ ሲሰማ ስፍራውን እንዲለቅ ሕግ ያስገድደዋልና፥ በዚያ ጊዜ መስመሩ ይቋረጣል።

በደብተሩ ላይ መዘግየቱ በእኩል ርቀት፥ በየደቂቃው ወይም በየአምስት ደቂቃው፥ ተጽፎ ከተገኘ ግን ጎረቤቱን እንተወው። ሰውና የአየር ጠባይ በሰዓት አይመላለሱም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ወይም ስልኩ ሌላ መረብ አለ ወይ ብሎ በየጊዜው ሲቃኝ የሚሆን ነው፤ አካባቢን የሚፈልገውን አገልግሎት መዝጋት ብዙ ጊዜ ያቆመዋል።

ከሁሉ የረቀቀውና ቤተ ሰብን ይበልጥ የሚያጋጨው የወረፋ ነገር ነው። ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ። አንድ ነጋዴ ሃያ ኵንታል ጤፍ አምጥቶ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው አንዲት እናት አንድ ቁና ይዛ ቆማለች። ወፍጮው አልዘገየም፥ ሥራውም አልተቋረጠም፤ እናቲቱ ግን እስከ ማታ ትጠብቃለች። በቤታችንም እንዲሁ ነው። የሠርግ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ከአንድ ስልክ ወደ ውጭ ሲላኩ የመውጫውን በር ይሞሉታል፤ ሣጥኑም አንድ ስንኳ ላለመጣል ብሎ ሁሉን በወረፋ ያከማቻል። የአባት ድምፅ ትንሽ ናት፥ ነገር ግን ከወረፋው ጫፍ ትቆማለች። ፒንጉ ከመቶ ወደ ሁለትና ሦስት ሺህ የሚዘለው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ነገር በሰፊው ያስታወቀው ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እርሱም ችግሩን ያስተዋለው በገዛ ቤቱ ሲሆን፥ ሐተታውን በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጄኮብሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ወረፋው እንዳይረዝም የሚጠብቅ ዘዴ አወጡ፤ ይህም ለእያንዳንዱ የመልእክት ፍሰት ተራ ከሚሰጥ ሥርዐት ጋራ ተጣምሮ በ2018 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ሥርዐት ሰነድ ታተመ። ሥራው በአጭሩ፥ ወፍጮ ቤቱ ባለ አንድ ቁናዋን ከነጋዴው ኵንታሎች መካከል እንዲያሳልፍ ማዘዝ ነው። ራውተራችሁ በምርጫው ውስጥ ይህ ዘዴ ካለው ክፈቱት፤ ሲከፈትም የፍጥነቱን ልክ ከተለካው ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ፥ ወረፋው በድርጅቱ ግንብ ሳይሆን በእናንተ ሣጥን እንዲሆንና እንድታዙበት። ዘዴው ከሌለ ፎቶግራፉ ሁሉ ሌሊት ሰው ሲተኛ እንዲላክ ማድረግ ይበቃል። ልጁን መቈጣት ግን አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ይህን የሚያደርገው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ነው። ደግሞም የላኪው ስልክ የአባት ራሱ ሆኖ ሲገኝ አይተናል።

የይለፍ ቃል ተሰርቋል የሚለው ክስ በሁለት ደቂቃ ይታወቃል። በራውተሩ ውስጥ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። እያንዳንዱን እየጠሩ መቍጠር ነው፤ የማይታወቀው ብዙ ጊዜ በመሳቢያ የተረሳ አሮጌ ስልክ ወይም ቴሌቪዥኑ ነው። እውነት ባዕድ ከተገኘ ቃሉን መለወጥ እንጂ ከጎረቤት ጋራ አጥር ላይ መቆም አይገባም።

ጥፋቱ በሁለተኛው መንገድ መሆኑ ሲረጋገጥ ለቤቱ ጌታ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ከግንቡ ጋራ የሚነጋገረው በራዲዮ ስለ ሆነ፥ ወደ ግንቡ በሚያየው መስኮት አጠገብ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ችግር አለ፤ ለውጭው መንገድ የሚሻለው መስኮት ነው፥ ለግቢው መንገድ ግን የቤቱ መካከል። ቤቱ ትንሽ ከሆነ መስኮቱን ምረጡ፤ ትልቅ ከሆነ ሣጥኑን በመስኮት አድርጋችሁ ከእርሱ በሽቦ የተገናኘ ሁለተኛ ሣጥን በመካከል አቁሙ። ያለ ሽቦ የሚደግም ርካሽ ሣጥን ከመግዛት ተጠንቀቁ፤ አብዛኛው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ስለሚናገር ጊዜውን እጥፍ ይወስዳል። መዘግየቱ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግንቡ በተጠቃሚ ተጣቧል ማለት ነው። በብርቱ ዝናብ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለት ምክንያት አለው። የስልክ መዳብ ሽቦ ባለው ቤት መገጣጠሚያው ውኃ ገብቶበት ይሆናል። በሌላው ግን ከግንብ ወደ ግንብ የሚተላለፈው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሆነ ሞገድ በዝናብ ነጠብጣብ ይደክማል፤ ይህን ማንም ከቤቱ ሆኖ አያቃናውም።

ለድርጅቱ በሚደወልበት ጊዜ፥ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ቍጥሩ 994 ነው፥ ኔትወርክ የለም ብሎ ማማረር ብቻ መልስ አያስገኝም። ይህን ይህን ቀን፥ በዚህ በዚህ ሰዓት፥ የራውተሩ መልስ 3 ሚሊ ሴኮንድ ሆኖ ሳለ የውጭው ጠፋ፤ መብራቱ አልጠፋም፥ ሣጥኑም አልተነሣም ብሎ ከደብተሩ የሚያነብ ሰው ግን ባለ ማስረጃ ከሳሽ ነው፤ ሣጥንዎን ነቅለው ይሰኩ ተብሎ አይሸኝም።

ሁሉ ደኅና ሆኖ አንድ ስልክ ብቻ የሚቋረጥ እንደ ሆነ፥ ያ ስልክ መረቡን እንዲረሳ አድርጎ የይለፍ ቃሉን እንደገና ማስገባት ነው። እንዲሁም ሣጥኑ ሁለቱን ሞገዶች በአንድ ስም ሲጠራቸው አሮጌ ስልኮች በሁለቱ መካከል ይዋልላሉ፤ ለ2.4 እና ለ5 ጊጋኸርዙ ሁለት የተለያየ ስም ስጧቸውና አሮጌውን ስልክ በፊተኛው ላይ አስቀምጡት።